ከ416 ቀጥሎ 418

አዛለች ባዶ ቤት ታንኳኳለች። በየሳምንቱ ማክሰኞ ጠዋት መጥረጊያዋን ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ ነጠላዋ ጫፍ ላይ የቋጠረችውን ቁልፍ ፈትታ፣ ትልቁ ቤት በር ፊት ትቆምና በስሱ ታንኳኳለች። ከዚያ ጆሮዋን ሰጥታ ትጠብቃለች። ማን ይመልስላት? ካለፈው መስቀል ወዲህ ከእሷና ከመጥረጊያዋ በቀር እዚያ ቤት የገባ የለም። ሶፋው አንሶላ ለብሷል፣ ቡፌው ውስጥ ብርጭቆዎቹ በአፋቸው ተደፍተዋል፣ የግድግዳው ሰዓት ባትሪው አልቆ አራት ሰዓት ላይ ቆሟል፤ የጠዋት ይሁን የማታ እሱ ራሱ አያውቀውም። አዛለች ግን ሳታንኳኳ አትገባም። የሰው ቤት ነዋ! ከገባችም በኋላ ጠርጋ፣ ወልውላ፣ መስኮት ከፍታ አየር አስገብታ ትወጣለች እንጂ፣ አንድ ቀን እንኳ ወገቤን ላሳርፍ ብላ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ አታውቅም። "የሰው ወርቅ አያደምቅ" ትላለች ሲጠይቋት። ካልጠየቋት ምንም አትልም።

ልጇ ሀሴት ጓሮ ካለችው ሰርቪስ ቤት ደጃፍ ላይ ሆና፣ በግማሽ ኩባያ ውሃ ፊቷን እየታጠበች ይህን ታያለች። ልጅ ሳለች ትስቅ ነበር። ኮረዳ ስትሆን ታፍር ጀመር። አሁን ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ዝም ትላለች። "ዝም አይነቅዝም" ይባላል። እውነት ነው፤ እነሱ ቤት ዝምታው ሳይነቅዝ ይኸው ጎተራ ሙሉ ሆኗል።

ትልቁ ቤት የባልቻ ነው። ባልቻ የሀሴት አባት ታላቅ ወንድም ነው፤ መርካቶ ውስጥ ብርድ ልብስና ምንጣፍ ይነግዳል። ወንድሙ ሲሞት አዛለችን "እዚሁ ሁኚ፣ ግቢውን ጠብቂ" አላትና ነገሩ እዚያው ላይ አለቀ። እስከ መቼ እንደሆነ እሱ አላለም፣ እሷም አልጠየቀችም። እንዲህ ያለ ቤት ደግሞ በዚህ ሰፈር በሽ በሽ ነው። የወልቂጤ ልጅ አዲስ አበባ ገብቶ ሲቀናው አገሩ ላይ ቤት የሚሠራው ለመኖር አይደለም፣ ለመምጣት ነው። ክርስቲያኑ ለመስቀል፣ ሙስሊሙ ለአረፋ ይመጣል፤ በሩ ወለል ይላል፣ ሰንጋ ይወድቃል፣ ግቢው በልጆች ጫጫታ ይታመሳል። ትንሽ ቀን ቆይቶ ደግሞ መኪናው አቧራውን አስነስቶ ይሄዳል። የቀረውን ዓመት ቤቱ ይተኛል። ቤቱን የሚያስተኛው ሰው ጓሮ ይኖራል።

አዛለች ጓሮ ስትኖር መሬት ላይ ምንም አትተክልም። ጤና አዳሟ በዘይት ቆርቆሮ፣ ዳማከሴዋ በተቆረጠ ጄሪካን፣ ቃሪያዋ በተሰነጠቀ ባልዲ ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ፣ ሀሴት ገና ትምህርት ቤት ሳትገባ፣ አጥሩ ሥር የእንሰት ችግኝ ነበር፤ የመስቀል ሰሞን ተነቅሎ ተገኘ። የነቀለችው የባልቻ ሚስት ፀጋ ናት ብላ ሀሴት ቂሙን በሆዷ ይዛ አድጋለች። ባልቻ ሲደውል እንደ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለው "የት ነሽ?" ነው። ድምፁ ትልቅ ነው፣ ስልኩ ጆሮ ላይ ተለጥፎም ደጅ ድረስ ይሰማል። አዛለችም ሁልጊዜ "ግቢ ነኝ" ትለዋለች። "ቤት ነኝ" ብላው አታውቅም።

የዚያን ዕለት ጠዋት ሀሴት ከህልሟ ገና አልወጣችም ነበር። ሌሊቱን ቁጥሮች ሲሄዱ አድረዋል። ጉንችሬ አጠገብ ባለው የአባቷ መንደር፣ በቤቶቹ መሐል በተዘረጋው ሰፊ የሣር ጎዳና፣ በጀፎረው ላይ፣ ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ተሰልፈው፣ እያንዳንዳቸው ጄሪካን አንጠልጥለው ቀስ ብለው ይሄዳሉ። ጭጋግ አለ። አንዱ አንዱን ተከትሎ ሲያልፍ ሲያልፍ አንድ ቦታ ላይ ሁለት ቁጥሮች በመሐላቸው አንድ ሰው የሚያህል ክፍት ትተው መጡ። ክፍቱ ውስጥ ማንም የለም፤ ሣሩ ግን ሰው እየረገጠው እንደሚሄድ ሁሉ ይተኛል። ሀሴት ልትጣራ አፏን ስትከፍት ነቃች። እንዲህ ያለ ህልም ከሥራ ብዛት ነው ብላ ተወችው።

"ጋሪው መጣ?" አለች ፊቷን እያደረቀች።

"መጣ። ሃያ አምስት ገባ ይላል።"

"አንዱ ጄሪካን?"

"ታዲያ በርሜሉ መሰለሽ? ትላንት ሃያ ነበር፣ አንድ ሌሊት አድሮ አምስት ብር ወለደ። ምን በወጣኝ! ቦኖ እወርዳለሁ።"

"ጉልበትሽስ?"

"ጉልበቴ ምን ሆነ?" አለች አዛለች፤ ግራ እግሯን እየጎተተች ወደ ትልቁ ቤት መስኮት ሄደች። ማታ ማታ ያንን ጉልበት በቅባት ስታሽ ልጇ የምታያት አይመስላትም።

ሀሴት ሌላ ጊዜ ቢሆን ትቆጣ ነበር። ያን ጠዋት ግን ለብቻዋ ፈገግ አለች፤ በሆዷ የያዘችው ነገር ነበራታ። ለዚህ ሰፈር አዲስ የውሃ መስመር ሊዘረጋ ነው። እሷም የምትሠራው እዚያው ፕሮጀክት ውስጥ ነው፤ በኮንትራት፣ ዳታ ታስገባለች። መዝጋቢዎቹ ከጥቂት ሳምንት በፊት ቤት ለቤት ዞረው በየበሩ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ቀብተዋል፣ ቅጽ ሞልተዋል። የእነሱም የብረት በር ላይ 417 ተብሎ ተጽፏል፤ ቀለሙ ትንሽ ወርዶ የሰባቷን እግር አስረዝሟታል። ሀሴት ከዚያ ቀን ጀምራ የምትጠብቀው አንድ ነገር ነው። ከቅጾቹ ክምር ውስጥ የእናቷ ቅጽ ይወጣል፤ እሷም በገዛ ጣቷ "አዛለች ይርጋ" ብላ ትጽፋለች። ሌላው ስም ሁሉ ሥራ ነው። ይኼኛው ግን ደስ ይላል። ውሃው መጥቶ ከግቢው ቧንቧ ሲንፎለፎል፣ እናቷ ጫማዋን አውልቃ ስትቆምበት ስንት ጊዜ በሐሳቧ አይታለች።

ቢሮው የሕንፃ መሣሪያ መደብር ፎቅ ላይ ነው፤ ሁለት ክፍል። ከታች የቀለምና የሚስማር ሽታ ይወጣል፣ ከጅማ መንገድ የሲኖትራክ ጥሩምባ ይገባል። አለቃዋ ይድነቃቸው ከደብረ ብርሃን ተዛውሮ የመጣ ሰው ነው። ክፉ አይደለም፣ ጥድፊያ ነው የሚገዛው፤ ሲስተም የሚሏትን ነገር እንደ አማት ይፈራታል። "ሀሴትዬ፣ ዛሬ ፋይሉ ወደ ክልል ካልሄደ ጉዳችን ነው። ሲስተሙ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል" አላት ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ። የቀሩት ቅጾች ጥቂት ነበሩ። አስገባቻቸው። የመጨረሻውን ስታስገባ የእናቷ ስም አልመጣም። "አልፎኝ ይሆናል" አለች። የሰው ልብ ክፉ ነገር ሲመጣ መጀመሪያ ዞር ብሎ ሌላ ሌላ ነገር ያያል።

ከዚያ ሥራው የሚጠይቀውን አደረገች። የቤት ቁጥሮቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደረደረች፤ ከጎናቸው ባለው ዓምድ ደግሞ እያንዳንዱን ቁጥር ከቀጣዩ እንዲቀንስ ቀመር ሰጠችው። ነገሩ ቀላል ነው። ልዩነቱ አንድ ከሆነ ሁለቱ ቤቶች ጎረቤት ናቸው፣ ማንም አልተዘለለም። ሁለት ከሆነ መሐላቸው የጠፋ አለ። አንድ፣ አንድ፣ አንድ፣ አንድ እያለ ወረደ፤ ዓይኗ ተከትሎት ወረደ። ደጅ ላይ የግንቦት ፀሐይ ቆርቆሮውን ያንጣጣዋል፤ ክፍሉ ውስጥ አንዶቹ እንደ ጠብታ ይወርዳሉ። እንቅልፍ የሚያመጣ ነገር አለው። ሁለት ሲመጣ ቢጫ እየቀባች አለፈች። እንደገና አንድ፣ አንድ፣ አንድ። 416 ላይ ስትደርስ ቀጥሎ ያለው 418 ነው። ልዩነቱ ሁለት ይላል። ሀሴት እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች። የሌሊቱ ሣር ትዝ አላት።

የቅጹን ፋይል አገላበጠች፣ የለም። ጠረጴዛ ሥር አየች፣ የለም። ቢጫ የተቀቡት በጠቅላላው አሥራ አንድ ናቸው፤ በር ላይ ቁጥር አላቸው፣ ቅጽ ግን የላቸውም። ይድነቃቸው መጥቶ በትከሻዋ ላይ አጮልቆ አየና ተነፈሰ። "እነዚህማ ባዶ ቤቶቹ ናቸው። ሲስተሙ ቁጥር ከዘለለ ፋይሉን ይመልሰዋል። አጠጋጊያቸው።"

"ምን ማለት ነው አጠጋጊያቸው?"

"ከአንድ ጀምረሽ እንደገና ቁጠሪያቸዋ። 418 የነበረው 417 ይባላል፤ ሌላውም እንዲሁ። ወጥ ይሆናል፣ ይሄዳል።"

"ባዶ አይደሉም" አለች።

"በምን አወቅሽ?"

ሀሴት ልትመልስ ነበር። ምላሷ ላይ የመጣው "እንዲሁ ሲወራ ሰምቼ ነው" የሚል ነገር ነበር፤ እግዜር ያሳያችሁ፣ የምትኖርበትን ቤት እንደ ወሬ ልታወራው! አፏ ሲያዳልጣት ያዘችው። እሷም እንደ እናቷ "ቤቴ" ከማለት ልትሸሽ ኖሯል። ፊቷ ጋለና፣ "አንዱ የእኛ ነው" አለች። "እኔና እናቴ ነን የምንኖርበት።"

ይድነቃቸው ሳቀ፣ ከዚያ መሳቁን ተወው። ያንን ጎን የመዘገበው ስምዖን የሚባል ልጅ ስለነበር ደወለለትና ስልኩን ድምፁ ለሁለቱም እንዲሰማ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ስምዖን አላመነታም። "417? አዎ አስታውሰዋለሁ። ትልቅ ቤት፣ አረንጓዴ በር። አንዲት እናት ከፈቱልኝ። 'ማን ይኖራል?' ስላቸው፣ 'ማንም የለም ልጄ፣ ለመስቀል ይመጣሉ' አሉኝ። ደክሞሃል ብለው ውሃ አጠጥተውኛል፤ ደግ ሴት ናቸው።"

ሀሴት ያቺን የውሃ ኩባያ አወቀቻት፤ ጆሮዋ የተሰበረች፣ ሰማያዊ ኩባያ ናት። እናቷ ከቦኖ በጉልበቷ ያመጣችውን ውሃ ለመዝጋቢው አጠጥታ፣ ውሃ የሚጠጣ ሰው እዚህ የለም ብላ ሸኝታዋለች። ማልቀስም መሳቅም አማራት።

"እሺ፣ ሂጂ" አለ ይድነቃቸው ሰዓቱን እያየ። "ቅጽና የአሻራ ቀለሙን ይዘሽ ሂጂ። ግን ስም ከራሳችሁ ፈጥራችሁ እንዳታመጡብኝ። ነዋሪው ራሱ 'እኖራለሁ' ይበል፣ አውራ ጣቱን ያሳርፍ። አሥራ አንድ ሳይሞላ ያልመጣውን አጠጋጋለሁ። እናትሽም ብትሆን።"

ከቀትር በኋላ ሰፈሩ ያንቀላፋል። ባጃጁ ዋናው መንገድ ላይ አውርዷት ሄደ፤ ሀሴት በኮብልስቶኑ ላይ ብቻዋን ወጣች። ግራና ቀኝ የተዘጉ የብረት በሮች፣ ከአጥሩ በላይ የሚታዩ የተዘጉ መስኮቶች፣ በረንዳ ላይ የተገለበጡ የፕላስቲክ ወንበሮች። ቀይ ቁጥሮቹ በየበሩ ላይ ቆመው ያይዋታል። ልጅ ሆና የትልቁን ቤት መስኮት በእጆቿ ጋርዳ ወደ ውስጥ ታይ እንደነበር ትዝ አላት። አንሶላ የለበሰው ሶፋ ሥር ሌላ ሀሴት የተኛች ይመስላት ነበር፤ ምንጣፍ ላይ የምትሄድ፣ ቧንቧ ከፍታ የምትታጠብ፣ መስቀል እስኪደርስ ዓይኗን የማትገልጥ። አሁንም በእያንዳንዱ ቢጫ ቁጥር በር ላይ ስትቆም ያቺን ልጅ የምትቀሰቅስ ይመስላታል።

የመጀመሪያውን በር ስታንኳኳ ረጅም ጸጥታ ሆነ። ቀጥሎ የሸበጥ ጫማ ሲንሸራተት ተሰማ፤ አንድ ሽማግሌ በበሩ ክፍተት ብቅ አሉ።

"አሰላሙ አለይኩም፣ አባባ። ከውሃ ፕሮጀክቱ ነኝ። በዚህ ቤት ማን ይኖራል?"

"ወአለይኩም ሰላም። ማንም የለም ልጄ። ሐጂ ለአረፋ ይመጣሉ ኢንሻአላህ።"

"እርስዎስ?"

ሽማግሌው ሌላ ሰው የተጠራ መስሏቸው ወደ ኋላቸው ዞር ብለው አዩ። "እኔ? እኔማ ከማሉ ነኝ። ዘበኛ ነኝ።"

"ሌሊት የት ነው የሚያድሩት?"

"እዚችው፣ በሯ ሥር ካለችው ክፍል።"

"ውሃስ አይጠጡም?"

"አጂብ! ግመል ነኝ እንዴ?" አሉና በራሳቸው ቀልድ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ሀሴትም ሳቀች። ሳቃቸው ሲያልቅ አውራ ጣታቸውን ትክ ብለው አዩት፤ "ሐጂ ቅር አይላቸውም?" አሉ። "ውሃ ገባልዎት ብለው ይደሰታሉ እንጂ" አለቻቸው፤ አታውቅም፣ ግን አለች። ቢስሚላህ ብለው አሳረፉት።

ሌላው በር ላይ ፈቲሀ የምትባል፣ ጉብሬ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ለተማሪዎች ሻይ የምትሸጥ ሴት ከፈተችላት። ቤቱ የወንድሟ ነው፤ እሱ አዲስ አበባ ነው። ባሏን ትታ ልጇን ይዛ ከመጣች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። "ማንም የለም ያልኩት ሰው እንዳይሰማ ነው" አለች እጇን በሽርጧ እየጠረገች። "ደግሞ ስሜ ከተጻፈ መመለሴ የምር ሊሆን ነዋ! እስካሁን ለዘመድ ጥየቃ መጥቻለሁ ነው የምለው።" ትንሽ ቆመች። ውስጥ ልጇ ይስል ነበር። "ጻፊው በቃ። ጻፊው፣ የምርም ነው።"

እንዲህ እየሆነ ሄደ። ሀሴት ያልጠበቀችው ነገር ቢኖር አንዱም ቢጫ ቁጥር ባዶ አለመሆኑ ነው። ከየተዘጋው በር ኋላ፣ ከየጓሮው፣ ከየደረጃው ሥር፣ ሰው እየተነሳ ይመጣል። አክስት አለች፣ የሙት ወንድም ልጅ አለ፣ ሞግዚት ሆና መጥታ ልጆቹ አድገው ከሄዱ በኋላ የቀረች አሮጊት አለች። ሁሉም በፈገግታ፣ በትሕትና፣ አንድ ቃል ሳያዛንፉ "ማንም የለም" ይላሉ፤ ከዚያ ስትጠይቃቸው ራሳቸውን ረስተው የከረሙ ያህል ይደነግጣሉ። ጣታቸው ላይ ሰማያዊ ቀለም ሲቀራቸው ደግሞ እንደ ልጅ እያገላበጡ ያዩታል። ሀሴት እየሄደች ደስታም ሐዘንም ያዛት፤ የትኛው እንደሚበልጥ መለየት አልቻለችም። አሥሩ ሞሉ። አንዱ ቀረ።

አረንጓዴውን በር ገፍታ ስትገባ አዛለች ከቦኖ ገና መድረሷ ነው። ጄሪካኑን ከጀርባዋ አውርዳ፣ ገመዱ ትከሻዋ ላይ የሠራውን ሰንበር እያሸች ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ሀሴት የሆነውን ሁሉ ነገረቻት፤ ቁጥሩን፣ ስምዖንን፣ ሽማግሌውን፣ አሥራ አንድ ሰዓትን። ከዚያ ቅጹን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችላት። አዛለች ቅጹን ሳትነካው አየችው።

"አይሆንም" አለች።

"እማዬ!"

"አጎትሽ ምን ይላል? በቤቴ ላይ ስሟን አስገባች አይልም? ቁጭ ብዬ የሰቀልኩትን ነገ ቆሜ ላውርደው? ተይኝ ልጄ። እስከዛሬ ያለ ቁጥር ኖረናል።"

"የውሃ ስም ነው እኮ፣ የቤት አይደለም!"

"ለአንቺ።" አዛለች ዓይኗን ወደ አጥሩ ሥር ላከች። "እዚያ ጋ እንሰት ነበረኝ፣ ታስታውሻለሽ?"

"ፀጋ የነቀለችው።"

"ማን? ፀጋ?" አለች አዛለች ተገርማ። "እኔ ነኝ የነቀልኩት። ፀጋማ የመስቀል ዕለት አየችውና እየሳቀች፣ 'እንሰት ተከልሽ? ልትቀሪ ነው እንግዲህ' አለችኝ። ቀልድ ይሁን ምን ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። እንሰት የሚተክለው የሚቆይ ሰው ነው፤ ዓመታት ጠብቆ የሚበላ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንቺ አጠገቤ ተኝተሻል። ቢያስወጡኝ ወዴት ይዤሽ እሄዳለሁ አልኩ። ሳይነጋ ተነስቼ በእጄ ነቀልኩት፤ ሥሩ እንቢ ብሎኝ ነበር።"

ሀሴት ያን ሁሉ ዘመን የተሸከመችው ቂም ባለቤት አጣ። እናቷን አየቻት፤ ያቺን በሌሊት ጭቃ ውስጥ ተንበርክካ የምትታገል ወጣት ሴት አየቻት። "ዛሬ ፈለግኩሽ" አለች። "ከላይ እስከ ታች ፈለግኩሽ። የሰው ሁሉ ስም አለ፣ አንቺ የለሽም። እኔ ነኝ ደግሞ ልሰርዝሽ የታዘዝኩት። አልችልም እማዬ፣ እኔ አልችልም።"

አዛለች ቅጹን ወደ ልጇ ገፋችው። ሀሴት ቅጹን አጣጥፋ ተነሳችና ወጣች፤ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው። መንገዱ ላይ ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች። ሰማዩ ከብዶ፣ ከዝናቡ በፊት የሚመጣው ነፋስ አቧራውን ያንከባልለዋል። የቀይ ቀለሙ 417 ፊት ለፊቷ ነው። ተመለሰች። እናቷ ማክሰኞ ማክሰኞ እንደምታደርገው፣ በስሱ አንኳኳች።

ውስጥ ጄሪካን ሲቀመጥ ተሰማ።

"ማነው?" አለች አዛለች፤ ማን እንደሆነ እያወቀች።

"ከውሃ ፕሮጀክቱ ነኝ። በዚህ ቤት ማን ይኖራል?"

ሀሴት ግንባሯን ብረቱ ላይ አስደገፈች፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ውሎ ገና ይሞቃል። ከወዲያ ማዶ የእናቷ እስትንፋስ ይሰማታል፤ በሩ ጋ መጥታለች ማለት ነው። ሁለቱም በአንድ ብረት ግራና ቀኝ ቆመው ቆዩ። አንድ ጠብታ ኮብልስቶኑ ላይ ወደቀ።

"እኔ" አለች አዛለች።

"እኔ ማን?"

"አዛለች። አዛለች ይርጋ።" ድምፅዋ መጀመሪያ ቀጭን ነበር። "እኔ እኖራለሁ። ከልጄ ጋር እኖራለሁ።"

በሩ ሲከፈት አውራ ጣቷን ቀድማ ዘርግታ ነበር።

ሀሴት ቢሮ የደረሰችው ፀጉሯ በስብሶ፣ ቅጾቹን በላስቲክ ጠቅልላ ነው። ይድነቃቸው ወንበር ሳበላት። አንድ በአንድ አስገባች። የእናቷን ስም ስትጽፍ እንዳሰበችው ደስ አላላትም፤ አንዱን ፊደል ሁለቴ መታችው፣ አጠፋችው፣ እንደገና ጻፈችው። ቀመሩን ከላይ እስከ ታች አወረደችው። አንድ፣ አንድ፣ አንድ፣ አንድ። ቢጫ የለም። "ወጥቶለታል" አለ ይድነቃቸው፤ ላከው። ሲስተሙ ተቀበለ።

ስትመለስ መሽቶ፣ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ሰርቪስ ቤቷ ጨለማ ናት። አዛለች ጠዋት ከፍታ የረሳችውን መስኮት ልትዘጋ ወደ ትልቁ ቤት ስትሄድ ሀሴት ከኋላዋ አየቻት፤ አልተጣራችም። እናቷ በሩ ፊት ቆመች። ለማንኳኳት እጇን አነሳች። እጇ አየር ላይ ትንሽ ቆየና ወደ ቁልፉ ወረደ፤ ከፍታ ገባች። መብራቱ በራ። ሀሴት ተጠግታ፣ እንደ ልጅነቷ በእጆቿ ጋርዳ፣ በመስኮቱ አየች። አዛለች በሶፋው ጫፍ ላይ፣ አንሶላው ላይ፣ ቁጭ ብላለች። በሰማያዊው ጣቷ ስልኳን ስትነካ ቆይታ ጆሮዋ ላይ አደረገችው። መርካቶ ሆኖ የሚናገረው የባልቻ ትልቅ ድምፅ በተከፈተው መስኮት ደጅ ድረስ ተሰማ።

"አዛለች! ደህና ነሽ? የት ነሽ?"

"ቤት ነኝ" አለች አዛለች። "ቤት ነኝ፣ ጋሼ። አንድ ነገር ልነግርዎ ነው።"